አልፈታም ያለው አፈሙዝ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በአሜሪካ ትናንሽ የጠመንጃ መጠገኛ ቤቶች ውስጥ አንድ ድምፅ ይፈራ ነበር። አሮጌው የጦር ጠመንጃ ከእንጨቱ ተላቅቆ፣ አፈሙዙ በከባድ ሞርሳ ተነክሶ፣ ረጅም እጀታ ያለው መፍቻ ተገጥሞለት፣ ጠጋኙ መላ ክብደቱን ጥሎ ይገፋል። ብረቱ አይነቃነቅም። ሰውየው ትንፋሹን ሰብስቦ ይደግማል። ብረቱ አሁንም አይነቃነቅም። ከዚያ ድንገት «ቋ!» ይላል፤ መፍቻውም ይላላል።

ያ ድምፅ የምሥራች ሊሆን ይችላል፤ አፈሙዙ ተላቅቋል ማለት ነው። መርዶም ሊሆን ይችላል፤ ጠመንጃው ራሱ ተሰንጥቋል ማለት ነው። የሚያስጨንቀው ነገር ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው መሰማታቸው ነበር።

ጠጋኞቹ ሁሉም ጠመንጃ እንዲህ እንደማያስቸግር ያውቁ ነበር። የጀርመን፣ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ፣ ብዙ ዓይነት የጦር ትርፍ በእጃቸው አልፏል። አንዳንዱ በዘይትና በትዕግሥት ይፈታል፤ አንዳንዱ በአንድ ጠንካራ ምት ይላቀቃል። አንደኛው ግን ልማደኛ ነበር። ሞዴል 1917 የሚባለው ጠመንጃ፣ በተለይም «ኤዲስቶን» የሚል ጽሑፍ የተቀረጸበት፣ ጠረጴዛቸው ላይ ሲቀመጥ አብሮ ሥጋት ይመጣ ነበር። በአንድ ንድፍ ከተሠሩ እህትማማቾች መካከል ለምን ይኼኛው ብቻ?

የነገሩ ሥር ወደ ኋላ፣ ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ይመራል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1914 ጦርነት ስትገባ ለወታደሮቿ በቂ ጠመንጃ አልነበራትም። የራሷ ፋብሪካዎች አልደርስ ስላሏት አዲስ ያወጣችውን ንድፍ ይዛ አትላንቲክን ተሻገረችና ለአሜሪካ ኩባንያዎች ሥራውን ሰጠች። ሥራው በሦስት ቦታ ተከፈለ። አንዱ ኮነቲከት ውስጥ የሚገኘው የዊንቸስተር ፋብሪካ፣ ሁለተኛው ኒውዮርክ ግዛት ኢሊዮን ከተማ ያለው የሬሚንግተን ፋብሪካ፣ ሦስተኛው ደግሞ በፔንሲልቬኒያ ኤዲስቶን በምትባል ትንሽ ከተማ የተቋቋመ ግዙፍ ፋብሪካ ነበር። ይህ ሦስተኛው የተተከለው የባቡር ሎኮሞቲቭ ይሠራ በነበረው በቦልድዊን ኩባንያ ይዞታ ላይ ነው።

በሚያዝያ 1917 አሜሪካ ራሷ ጦርነት ስትገባ ያው ችግር ደረሰባት፤ የራሷ ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ ለሚሊዮን ወታደር አይበቃም። ለእንግሊዝ ይሠራ የነበረው መሣሪያ ግን ዝግጁ ነበር። መሐንዲሶቹ ንድፉን የአሜሪካንን ጥይት እንዲጎርስ አስተካከሉትና ሞዴል 1917 ተባለ። ኅዳር 1918 ጦርነቱ ሲቆም ፈረንሳይ ውስጥ ከነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ሦስት አራተኛ ያህሉ የታጠቁት ይህንኑ ነበር። ከሦስቱ ፋብሪካዎች በጠቅላላው 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ገደማ ወጣ፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ የሚበልጠው፣ የኤዲስቶን ሥራ ነበር። በዚያ ፍጥነት ውስጥ፣ ጠመንጃዎቹ በሺዎች እየተሰለፉ ሲያልፉ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሰው የሚያስጨንቅ አንድ ነገር በየብረቱ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ።

ታሪኩን ለመከተል ሁለት የብረት ክፍሎችን ማወቅ ይበቃል። አንዱ ጥይቱ የሚሮጥበት ረጅም ቱቦ፣ አፈሙዙ ነው። ሌላው አፈሙዙ የሚታሰርበትና ማቀባበያው ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተትበት ወፍራም ብረት ነው፤ ማቀፊያ እንበለው። የአፈሙዙ ኋላ ጥርስ ወጥቶለት እንደ ብሎን ማቀፊያው ውስጥ ይጠመዘዛል። ማቀፊያው ለአንድ ጠመንጃ ነፍሱ ነው። አፈሙዝ ያረጃል፣ ይለወጣል፤ ማቀፊያው ከሄደ ግን ጠመንጃው የለም።

አፈሙዞቹ ደግሞ ማርጀታቸው አልቀረም። የዚያ ዘመን ጥይት መለኮሻው ውስጥ የነበረው ኬሚካል ከተተኮሰ በኋላ ጨው መሰል ቅሪት ይተዋል። ያ ቅሪት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ወታደሩ በዚያው ቀን በውኃ አጥቦ ካላደረቀው ቱቦው ከውስጥ ይበላል። ስለዚህ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ አሜሪካ መጋዘኖቿን ስትከፍት፣ ሃያ ዓመት የተኙት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ውጫቸው ጤነኛ፣ ውስጣቸው የታመመ ሆኖ ተገኘ። መንግሥት ጆንሰን አውቶማቲክስና ሃይ ስታንዳርድ የተባሉ ኩባንያዎችን አዲስ አፈሙዝ አሠርቶ የመለወጥ ዘመቻ ጀመረ። ከጦርነቱ በኋላም እነዚሁ ጠመንጃዎች የጦር ትርፍ ሆነው በርካሽ ለሕዝብ ተሸጡ፤ አዳኞች ገዟቸው። ማቀፊያው ረጅምና ወፍራም ስለነበር ትልልቅ የአደን ጥይት ለመቀበል ይመች ነበር። ገዢው ይዞት ወደ ጠጋኙ ይመጣና፣ «ይህን አሮጌ አፈሙዝ አውልቀህ አዲስ ግጠምልኝ» ይላል።

ቀላል ጥያቄ ይመስል ነበር።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዝገት ነበር። ብረት ከብረት ጋር አሥርተ ዓመታት ተጣብቆ ሲኖር ዝገት እንደሚያያይዘው ማንም መካኒክ ያውቃል። ጠጋኞቹ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፈሙዙና ማቀፊያው በሚገናኙበት መስመር ላይ ጠብ እያደረጉ አሳደሩት። ጠዋት መፍቻውን ገጠሙ፤ አልሆነም። ደግመው ቀቡ፤ ቀናት ጠበቁ፤ አሁንም አልሆነም። ዘይቱ ጠቃሚ ቢሆን ኖሮ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ሠርጎ በጠፋ ነበር። እሱ ግን ላይ ላዩን ተንጣልሎ ቀረ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ግን ያስተዋለው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጉልበት ነው። እጀታው ላይ የውኃ ቱቦ ቀጠሉበት፤ ሁለት ሰው ተንጠለጠለበት፤ መፍቻውን በከባድ መዶሻ መቱት። አንዳንዱ በእርግጥ ተፈታ። አንዳንዱ አፈሙዝ በሞርሳው ጥርስ መካከል ራሱ ዞረና ገላው ተላጠ። አንዳንዱም ያንን የሚፈራ ድምፅ አሰማ።

ሦስተኛው እሳት ነበር። ማቀፊያውን በጋዝ ነበልባል ቢያግሉት ሰፍቶ አፈሙዙን ይለቃል የሚል ሐሳብ ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለጠመንጃ ግን አደገኛ ነው። ማቀፊያው ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልክ በተሰጠው እሳት ነው። ያለ ልክ የመጣ እሳት ያንን ጥንካሬ ይሰርቀዋል፤ የተሰረቀበት ብረት ደግሞ በመልክ አይታወቅም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰውን መልቀም አይቻልም ነበር።

ጉዳዩ ሥራ ከመበላሸት ያለፈ ነበር። ጥይት ሲተኮስ በአፈሙዙ ኋላ የሚፈጠረው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ከ3,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ይህም የሚሆነው ከተኳሹ ፊት አጠገብ ነው። ጠጋኙ «ቋ!» ሲል የሰማውን ብረት አገላብጦ አይቶ፣ ምንም ሳያገኝበት አዲስ አፈሙዝ ገጥሞ ቢመልስለት፣ ደንበኛው ፀጉር የማታክል ስንጥቅ ጉንጩ ሥር ይዞ ወደ ጫካ ይሄዳል። ስለዚህ ስለ መፍታት ከመጨነቅ በፊት ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ማን ያያል?

መልሱ የመጣው ከጠመንጃ ጠጋኝ ቤት አልነበረም። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሰሞን ዊልያም ሆክ የተባለ ሰው በአሜሪካ የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት ውስጥ እጅግ ትክክለኛ የሆኑ የብረት መለኪያዎችን ይሠራ ነበር። ጠንካራ ብረቶች በማግኔት ተይዘው ይሞረዳሉ። ከሞረዱ የሚወጣው ደቃቅ የብረት ብናኝ እንደ አቧራ ይበተናል፤ ሠራተኛው ጠርጎ ያልፋል። ሆክ ግን ሳይጠርገው ቆም ብሎ ተመለከተው። ብናኙ እንዲሁ አልተበተነም፤ በአንዳንዱ ብረት ላይ ቀጭን መስመር ሠርቶ ተሰልፏል። መስመሩ ያለበትን ቦታ ሲመረምሩ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ተገኘበት።

ምክንያቱ ሲገባ ቀላል ነው። ማግኔትነት በጤነኛ ብረት ውስጥ ያለ ችግር ይፈስሳል፤ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ግን መንገዱ ይቋረጥና ወደ ውጭ ይፈነጥቃል። ወደ ውጭ የፈነጠቀው ኃይል የብረቱን ብናኝ ይስባል፤ ብናኙም ስንጥቁ ላይ ተከምሮ ሥዕሉን ይሥላል። ሆክ በ1922 የፈጠራ መብት አገኘበት። ግኝቱ ለዓመታት ብዙ ሳይነካ ቆየና አልፍሬድ ደ ፎረስት የተባለ ምሁር በ1920ዎቹ መጨረሻ አንስቶ አሳደገው። ብረቱን በልዩ ልዩ አቅጣጫ ማግኔት ማድረግን ጨመረበት፤ ስንጥቁ በየትኛውም በኩል ቢያጋድል እንዳያመልጥ። በ1934 እሱና ባልደረባው ፎስተር ዶን ማግናፍለክስ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። መንገዱ ለአውሮፕላን ሞተር፣ ለባቡር አክሰል፣ ለሁሉም ሆነ።

ጥንቁቅ ጠጋኞችም የተፈቱትን ማቀፊያዎች ለዚህ ምርመራ መላክ ጀመሩ። በእጃቸው ሲዳሰሱ ልሙጥ፣ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ንጹሕ የነበሩ ብረቶች ላይ ብናኙ ቀጫጭን መስመሮችን አወጣ። መስመሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት፣ አፈሙዙ በሚገባበት ቀለበት ላይ ነበሩ። የተፈራው እውነት ነበር ማለት ነው። ታዲያ ስንጥቁ ቀድሞም ነበረ፣ ወይስ የጠጋኙ ጉልበት ፈጠረው?

እዚህ ላይ የብረቱ ጠባይ ራሱ ተጠርጣሪ ሆነ፤ ለዚህም የቅርብ ምሳሌ ነበር። በ1917 የአሜሪካ ጦር ሌላኛው ጠመንጃ፣ ስፕሪንግፊልድ፣ አንዳንዱ በተኳሾች እጅ ላይ መሰባበር ጀምሮ ነበር። የተሰበሩት ማቀፊያዎች በመዶሻ ሲመቱ እንደ መስተዋት ይሰባበሩ ነበር። በኋላ ሜጀር ጄኔራል የሆነው የመሣሪያ መኮንን ጁልያን ሀቸር በመጽሐፉ እንዳሰፈረው ምርመራው ወደ ቀጥቃጮቹ ቤት መራ። የጋለው ብረት ለመቀጥቀጥ መድረሱን የሚወስኑት ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ቀለሙን በዓይናቸው እያዩ ነበር። በመለኪያ ሲፈተን አስደናቂ ነገር ወጣ። ደማቅ ፀሐይ ባለበት ቀን «ልክ ነው» ያሉት ብረት፣ ደመናማ በሆነ ቀን «ልክ ነው» ካሉት እስከ 165 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይበልጥ የጋለ ነበር። የጋለ ብረት በብርሃን መካከል ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ሰውየው ቀለሙ እስኪያምር ይጨምራል፤ ብረቱ ይቃጠላል። እነዚያ ሠራተኞች ግዴለሾች አልነበሩም፤ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ዓይን ነው በመስኮት በገባ ብርሃን የተከዳው። ወዲያው የሙቀት መለኪያ ተተከለ፤ የማጠንከሪያው መንገድም ተለወጠ።

የኤዲስቶን ጉዳይ ግን ለዚህ ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ አልተገዛም። የሞዴል 1917 ማቀፊያ ሌላ ብረት ነው፤ 3.5 በመቶ ኒኬል የተቀላቀለበት፣ በተፈጥሮው ጠንካራ። አንዳንዱ ከሚገባው በላይ ጠንክሮ መውጣቱ ይወራ ነበር፤ እንዲህ ያለው ብረት ተለጥጦ ከመታገሥ ይልቅ መሰንጠቅ ይቀናዋል። ነገር ግን ጠንካራነት ብቻውን አይሰነጥቅም። አንድ ነገር እየወጠረው መሆን አለበት። ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ ማንም ሳይነካው፣ ምን ይወጥረዋል?

የተረሳው ዘይት አሁን ትርጉም አገኘ። ዘይቱ ያልገባው መስመሩ ላይ ክፍተት ስላልነበረ ነው። አፈሙዙ ጥርሱ ካበቃበት ላይ ወፈር የሚል ትከሻ አለው፤ ሲጠመዘዝ ያ ትከሻ መጥቶ በማቀፊያው ፊት ላይ ይቆማል። የጀሪካን ክዳን ከንፈሩ አንገቱን ከነካ በኋላ ደግሞ ሲያጠብቁት የሚሆነው እንደዚያ ነው፤ ክዳኑን የያዘው ጥርሱ ብቻ ሳይሆን የከንፈሩ ግፊት ነው። በዚህ ጠመንጃ ላይ ደግሞ አፈሙዙ በፈቀደበት መቆም አይችልም ነበር። ቀለሁን የሚስበው መንጠቆ የሚገባበት ፈለግ ከኋላው ተቆርጦለታል፤ ከፊቱ ማነጣጠሪያው አለ። ሁለቱም ቀጥ ማለት አለባቸው። ስለዚህ በአፈሙዙና በማቀፊያው ላይ የተገናኙ ምልክቶች ነበሩ፤ ምልክት ከምልክት እስኪገጥም ይጠመዘዛል። ትከሻው ቀድሞ ከነካና ምልክቱ ገና ከሆነ፣ ቀሪውን በግድ ነው የሚሄደው። ኤዲስቶን ውስጥ ይህ ይደረግ የነበረው በማሽን ኃይል እንደሆነ በጠጋኞች ዘንድ ይነገራል፤ ማሽን ደግሞ ክንዱ አይደክምም።

እንግዲህ ጠመንጃው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ትከሻው ማቀፊያውን ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ጥርሱ ደግሞ ወደ ፊት ሲጎትት ኖሯል። በዚያ ላይ ጠጋኙ ጠምዛዥ ጉልበቱን ሲጨምርበት፣ ጠንክሮ የወጣ ብረት የሚሰጠው አንድ ምላሽ ብቻ ነው።

ይህን ያስተዋለ ሰው ፊቱ ላይ መፍትሔው ተጋድሞ ነበር፤ ግን የሚያምም መፍትሔ ነው። የያዘው ትከሻው ከሆነ፣ ትከሻው ይቆረጥ። ትከሻው ያለው ግን አፈሙዙ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች ሁለቱንም ለማዳን ሲሉ ነበር የሚታገሉት፤ አፈሙዙም አሮጌ ቢሆን አንድ ቀን ይጠቅማል እያሉ። አሁን ምርጫ መጣ፤ ከሁለቱ አንዱን አውቆ መሠዋት።

ጠመንጃው ከእንጨቱ ወጥቶ፣ ማቀባበያው ተነቅሎ፣ አፈሙዙ እንደያዘ ቶርኖ ላይ ታሰረ። ቶርኖው ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ። ባለሙያው ቀጭን መቁረጫ ምላጭ ወስዶ ከማቀፊያው ፊት እጅግ ተጠግቶ፣ ማቀፊያውን ግን ሳይነካ፣ አፈሙዙ ላይ አሳረፈው። የብረት ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወደቀ። 3 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦይ ዙሪያውን ተቆፈረ። ምላጩ አንድ ፀጉር ወደ ኋላ ቢስት ማቀፊያውን ያቆስላል፤ በጣም ጠልቆ ቢሄድ ደግሞ አፈሙዙ ተቆርጦ ይቀርና ጥርሱ ማቀፊያው ውስጥ ይቀበራል። ስለዚህ እየቆመ ለካ፤ ጥልቀቱ ወደ ጥርሱ ሥር ሲቃረብ ምላጩን መለሰ። ከማቀፊያው ጋር ተገናኝቶ የነበረው የትከሻው ቀለበት ከእንግዲህ የሚደግፈው ብረት አልነበረውም።

ከዚያ ጠመንጃው ወደዚያው ሞርሳ ተመለሰ። ያው መፍቻ ተገጠመ። ጠጋኙ እንደ ልማዱ እግሩን አስተካክሎ ሊገፋ ሲዘጋጅ፣ ገና ክብደቱን ሳይጥል መፍቻው ሄደ። «ቋ!» የሚል ነገር አልነበረም። ለሁለት ሰው ጉልበት እምቢ ያለው አፈሙዝ በእጅ እየተዞረ ወጣ።

ዘዴው ከቶርኖ ወደ ቶርኖ ተዛመተ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ለለመደው ሰው የታወቀ ነው። ማቀፊያው ለብናኝ ምርመራ ይሄዳል። ስንጥቅ የታየበት ይጣላል፤ ምንም ያህል ቢያሳዝን በብየዳ አይታከምም። ጤነኛው አዲሱን አፈሙዝ ይቀበላል፤ በዚህ ጊዜ ትከሻው ልክ ላይ እንዲቆም ቀድሞ ይላጣል፣ ምልክቱም ያለ ግድ ይገጥማል። ጥይቱ የሚተኛበት ክፍል ጥልቀቱ በልዩ መለኪያ ይፈተናል፤ አንደኛው መለኪያ ላይ ማቀባበያው መዘጋት አለበት፣ ሌላኛው ላይ መዘጋት የለበትም። የመጀመሪያው ጥይት የሚተኮሰው ጠመንጃው ታስሮ፣ ቃታው ከሩቅ በገመድ ተስቦ ነው።

ብዙ ኤዲስቶኖች በዚህ መንገድ አልፈው ለትልልቅ የአደን ጥይቶች የሚሆን አፈሙዝ ለበሱ። ጠጋኞቹም አሠራራቸውን ለወጡ። አንድ ደንበኛ ያንን ጽሑፍ የተቀረጸበትን ጠመንጃ ይዞ ሲገባ፣ ገና ሞርሳውን ሳይከፍቱ አስቀድመው ይጠይቁት ጀመር፦ «አሮጌውን አፈሙዝ ትፈልገዋለህ?» እፈልገዋለሁ ካለ፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ጠመንጃውን እንዳለ መልሰው አስረከቡት።